የጽጌ ጾም ፓስታ
(በኮሚኒቲያችን የኢዮቤልዩ በዓል የቤተሰብ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «አንተ ደግሞ ስለ ምግብ ተናገር» ሲለኝ በመጀመሪያ የሳቅሁት እኔው ነኝ። ሁላችሁም እንደምታውቁኝ የሱቅ ሰው ነኝ። ዘይት፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሽንኩርትና ድንች ስሸጥ ኖሬያለሁ፤ ወጥ ቤት ገብቼ እናቶችን ላስተምር ብል ባለቤቴ ራሷ ከፊት ወንበር ተነሥታ ትወጣለች። ነገር ግን ሱቅ ውስጥ የሚቆም ሰው የሰዉን ገበታ በሩቁ ያያል። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾምም ወራት፣ ከመደርደሪያዬ ምን እንደሚነሣና ምን እንደሚቀር አውቃለሁ። የሚነሣው ፓስታ ነው፤ የሚቀረው አትክልት ነው። ዛሬ የምናገረው ሁለቱን ስለማገናኘት ነው።

ከኃፍረቴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት ለአንድ የታመመ ወገናችን የሕክምና ገንዘብ ለማሰባሰብ ምሳ አዘጋጅተን ነበር፤ በዚያን ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ቀኑ የጾም ስለነበረ «ፓስታ በአትክልት ይሁን» ተባለ። ፓስታውን እኔ ሰጠሁ፤ መቀቀሉንም እኔው ተቀበልሁ። በወንደላጤነቴ ጊዜ አምስት ሆነን በአንድ ክፍል ስንኖር በፈርኔሎ ላይ ፓስታ ያልቀቀልሁበት ቀን አልነበረም፣ ምን ይከብዳል ብዬ ነው። ሃያ ኪሎ ፓስታ በሁለት ትልልቅ ድስት ጣድሁ። ደሴ እናቴ ታደርግ እንደነበረው ረዘም ላለ ጊዜ አፈላሁት። ካሮቱን፣ ድንቹንና ጥቅል ጎመኑን በቲማቲም ድልህ አብስለን ከላዩ ደፋንበት። ሰው ተሰልፎ ሲመጣ ፓስታው በጭልፋ የሚቆረስ ሆኖ ነበር። አንድ ሕፃን እናቱን «ይሄ ገንፎ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት በጆሮዬ ሰማሁ። ሰዉ በትሕትና ቀመሰ፤ ገንዘቡም ተሰበሰበ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ማታ ግን ከየሰሃኑ የተራረፈውን በማዳበሪያ ሞልተን ስናወጣ የበሽተኛውን መድኃኒት የምጥል መሰለኝ።

ጥፋቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ውሃ በየአገሩ በእኩል ሙቀት አይፈላም። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይንፈቀፈቃል። ጅቡቲ የባሕር ዳር ከተማ ስለሆነች ውሃዋ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ስላላት በ96 ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በ92 ገደማ ይፈላል፤ ደሴ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ይላል። እንግዲህ እናቴ ፓስታውን ሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ ስታቆየው ልክ ነበረች፤ የደሴ ውሃ ሙቀቱ ያን ያህል ነውና። እኔ ግን የእናቴን ደቂቃ ይዤ የጅቡቲ ውሃ ላይ ጣድሁ። ከረጢቱ ላይ «9 ደቂቃ» ተብሎ የሚጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ላለ እንደኛ ላለው አገር ነው። በአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ የተማርሁትን ከብዙ ዓመት በኋላ ድስት ውስጥ አገኘሁት ማለት ነው። ከአገር ቤት አዲስ ለምትመጡ ሁሉ ይህችን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ምሽቱ አልባከነም፤ እዚህ ከረጢቱን እመኑ፣ እንዲያውም አንድ ደቂቃ ቀድማችሁ ቅመሱት።

ከረጢቱን አንብብ ያለችኝ አንዲት እህታችን ናት። እዚህ ከተማ በውጭ አገር ሰዎች ቤት ምግብ ታበስላለች፤ ስሟን እንዳልጠራ አደራ ብላኛለች። ከእኔ ሱቅ የምትወስደው ነገር ገርሞኝ ነበር የጠየቅኋት። በጥቅምትና በኅዳር ዱባ፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ሙሉ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ለአሠሪዎቿ በዘንቢል ትወስዳለች፤ ለራሷ ግን ዳቦና ሻይ ቅጠል ብቻ ትገዛለች። «ጽጌን እየጾምሁ ነው» አለችኝ። «ለነሱስ ይህን ሁሉ ምን ታደርጊዋለሽ?» አልኋት። በነሱ አገር በዚህ ወራት ቅጠል ይረግፋል፣ ዱባና ሥራ ሥር ይሰበሰባል፤ ያንን በኦቭን ጠብሰው ከፓስታ ጋር ይበሉታል፤ እዚህም ሆነው ወቅቱ ሲደርስ ይናፍቃቸዋል አለችኝ። ቅቤ አለበት ወይ ብላት የለበትም፤ እንቁላል ብላት የለበትም፤ ዘይትና ቅጠል ነው አለች። «ታዲያ አንቺ ለምን አትበዪም?» ስላት ትንሽ አሰብ አድርጋ «የነሱ ምግብ ነው ብዬ ነዋ» አለችኝ።

ያን ቀን ከሱቅ ከወጣች በኋላ ይህች ንግግሯ አልለቅ አለችኝ። ዱባው የሐረርጌ ነው። ካሮቱ የሐሮማያ ነው። የምትጨምርበት ጦስኝ እኅቷ ከአገር ቤት በላስቲክ ቋጥራ የላከችላት ነው። የበሰለበት እጅ የሷ እጅ ነው። በጾም ቀን ደረቅ ዳቦ በሻይ እየበላች የራሷን አገር አትክልት ለሰው ታቀርባለች፤ የነሱ የሆነው ምኑ ነው?

ፓስታው ነው እንዳትሉኝ። ፓስታና መኮሮኒ፣ ሳልሳና ሱጎ፣ ፈርኔሎም ጭምር፣ ቃላቸው የጣሊያን መሆኑ እውነት ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ያመጣው ብዙ ነገር አብሮት ተባሯል፤ ድስቱ ግን ቀርቷል። ጎረቤቶቻችን ሶማሊዎችም «ባስቶ» የሚሉት ከዚያው ከጣሊያን በወሰዱት ቃል ነው፤ አጠገቡ ሙዝ አስቀምጠው ይበሉታል፤ ልጆቻችንም ከነሱ ተምረውታል። ስንዴው ግን ሌላ ታሪክ አለው። ፓስታ የሚሠራው ለዳቦ ከሚሆነው ለስላሳ ስንዴ ሳይሆን ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው። ፍሬው ሲፈጭ እንደ ሰሞሊና ሸካራ ይሆናል፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ብዙና ጠንካራ ስለሆነ በፈላ ውሃ ውስጥ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ኢትዮጵያ ደግሞ የዚህ ዓይነት ስንዴ ብዛቱና ልዩነቱ ከበዛባቸው የዓለም ቦታዎች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1927 ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለ የታወቀ የሩሲያ የእጽዋት ሊቅ ይህንኑ ለማየት መጥቶ ነበር። የገባውም በዚሁ በኛ በር ነው፤ ከመርከብ ጅቡቲ ላይ ወርዶ በባቡር ወደ ላይ ወጣ፤ ከገበሬዎቻችን ማሳ የስንዴ ዘር እየሰበሰበ ወሰደ። ያ ሰው በኋላ በስታሊን ዘመን ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1943 እስር ቤት ውስጥ መሞቱን ሳነብ አዝኛለሁ። እንግዲህ ፓስታ የሚሆነውን ስንዴ አያቶቻችን ጣሊያን ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ያርሱት ነበር፤ በንፍሮና በቂንጬ፣ በቆሎና በዳቦ ይበሉት ነበር። በክር መልክ ያላደረጉት ብቻ ነው።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር ልበል፤ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት የፈረንጁን አራት ወቅት ስለሆነ ይደናገራቸዋል። የኛ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ፈረንጆቹ ቅጠል ረገፈ በሚሉበት ጊዜ የኛ አገር ገና አበባ ነው። ጾመ ጽጌም በዚያው በመስከረም 26 ይጀምርና ኅዳር 5 ይፈታል፤ አርባ ቀን ነው። ከሰባቱ አጽዋማት ውስጥ ስለማይቆጠር የፈቃድ ጾም ነው፤ ብዙ እናቶቻችን ግን አይተዉትም። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጾሙ ባይመለከታችሁም ምግቡ ይመለከታችኋል፤ በረመዳን ለአፍጥር የሚገዛው ፓስታ ከጽጌው ይበልጣል፤ ይህን ከሱቄ መዝገብ ነው የምናገረው።

በጅቡቲም ቢሆን ይህ ወቅት ልዩ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ኸምሲኑ ሲነፍስ ኦቭን አብሩ የሚል ሰው ጤነኛ አይደለም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ቤት ውስጥ ሌላ እሳት ማን ይጨምራል? ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ደጋ ትወጣላችሁ። ጥቅምት ሲገባ ትመለሳላችሁ፤ አየሩ ይለዝባል፤ ማታ በረንዳ ላይ መቀመጥ ይቻላል። ያን ጊዜ ነው ኦቭኑ የሚከፈተው፤ ያን ጊዜ ነው ክረምቱን ጠጥቶ ያደገው የሐረርጌ አትክልት በብዛት የሚወርደው።

አትክልቱ እንዴት እንደሚመጣ ግን ብዙዎቻችን አናስብም። ይህ አገር የሚያበቅለው ትንሽ ነው፤ የምንበላው ቅጠልና ሥራ ሥር አብዛኛው ከሐሮማያ፣ ከሐረርጌ ኮምቦልቻና ከዚያ አካባቢ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ በደወሌና በጋሊሌ በኩል በመኪና ይደርሰናል። ድሮ ባቡሩ ያመጣው ነበር፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ባቡር። ስንዴ በመርከብ መጥቶ በዚህ ወደብ ወደ ላይ ይወጣል፣ ድንችና ሽንኩርት ወደ ታች ይወርዳል። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ ገበሬዎቹ ጉድጓድ እየቆፈሩ ማምረታቸውን አላቋረጡም፤ አሁን ደግሞ ሐይቁ ተመልሶ ውሃ መያዙን ስንሰማ እዚህ ሆነን ደስ ብሎናል። ከዚያም በላይ ልንገራችሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መብራቱም ከኢትዮጵያ በመስመር ይመጣል፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ከሐደጋላ የጉድጓድ ውሃ በቧንቧ ይመጣል። ምሽት ላይ ድስት ስትጥዱ ውሃውም፣ እሳቱም፣ ካሮቱም የአንድ አገር ልጆች ሆነው ሊገናኙ ይችላሉ።

መንገዱ ግን አትክልቱን ያደክመዋል። ከደጋው ወጥቶ በዚያ በረሃ ሲወርድ ቲማቲሙ ይለሰልሳል፣ ቃሪያው ይጨማደዳል፣ ካሮቱ ይልሞሰሞሳል። ደንበኛ ደግሞ እየመረጠ ነው የሚወስደው፤ መብቱ ነው። ከአንድ ሣጥን ቲማቲም ሩቡን የጣልሁበት ጊዜ አለ። ይህን ስጥል፣ በዚያው ቀን አዲስ የመጡ ልጆች በር ላይ ቆመው ዋጋ ጠይቀው ሳይገዙ ሲሄዱ አያለሁ። የላላ ካሮት ለሰላጣ አይሆንም። ለቅቅልም ቢሆን ያው ጣዕሙን ውሃው ይወስደዋል። ለመጥበስ ግን ከትኩሱ አይተናነስም፤ ትንሽ ውሃ ስለጎደለው እንዲያውም ቶሎ ይቀላል። እህታችን ይህን ስታሳየኝ ነው የሱቅ ጭንቅላቴ የነቃው። ከዚያ ወዲህ የላላውን ለይቼ በትንሽ ዋጋ በአንድ ቅርጫት አስቀምጣለሁ፤ ማታ ባዶ ቅርጫት ነው የምገባው።

አሁን ወደ ምድጃው እንግባ።

የየመኖቹን ዓሣ የማያውቅ እዚህ የለም። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ ይከፈትና ቁመቱ በረዘመ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ በኃይለኛ እሳት ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጠርዙ ጠቆር፣ ውስጡ ለስለስ ብሎ ይወጣል። ለአትክልቱም ምሥጢሩ ያው ነው፤ ኃይለኛ ሙቀትና ደረቅ አየር። ሙቀቱ ውሃውን ሲያተን በውስጡ ያለው ስኳር ይጠነክራል፣ ይቀላል፣ ይጣፍጣል። አትክልቱን ትሪው ላይ ከደራረባችሁት ግን ከውስጡ በሚወጣው እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። እኔ በመጀመሪያ ያጠፋሁት እሱን ነው፤ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ሁለት ኪሎ በአንድ ትሪ ጫንሁ፤ የወጣው ያው የምንሸሸው ቅቅል ሆነ።

ለስድስት ሰው ግማሽ ኪሎ ዱባ፣ አራት ካሮት፣ ሦስት ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ፈረንጅ ቃሪያ ወይም አንድ ደበርጃን፣ ስድስት የለሰለሱ ቲማቲሞችና አንድ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ይበቃል። ዱባውንና ካሮቱን የአውራ ጣት ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ካሮት ጠንካራ ስለሆነ ከዱባው አነስ ይበል። አጥባችሁ በጨርቅ አድርቁ፤ እርጥብ ሆኖ ከገባ አይቀላም። በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በጨው እሹት። የወይራ ዘይት ያለው ያድርግ፤ እኔ እንኳ የምሸጠው ሰው ዋጋውን አይቼ በሱፍ ዘይት ነው የምጠብሰው። ነጭ ሽንኩርቱን አትላጡት፤ ሙሉውን ከነልጣጩ አስቀምጡት። ሲበስል ውስጡ እንደ ቅቤ ይሆናል፤ ጨምቃችሁ ታወጡታላችሁ፤ በጾም ቀን የቅቤን ቦታ የሚሞላው እሱ ነው።

ኦቭኑ ወደ 220 ዲግሪ ቀድሞ ይሙቅ። ዱባ፣ ካሮት፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርቱ ቀድመው ይግቡ፤ ሩብ ሰዓት ሲሞላቸው ቃሪያውና ቲማቲሙ ይከተሉ። አንድ ጊዜ ብቻ አገላብጡ። ሁሉም አንድ ላይ ከአርባ ደቂቃ አያልፍም፤ ጠርዛቸው ሲጠቁር አትደንግጡ። ቀይ ሥር የሚወድ ሰው ለብቻው በሌላ ዕቃ ይጥበስ፤ ካልሆነ ፓስታው በሙሉ ቀይ ይሆናል፤ ሕፃናት ይወዱታል፣ አዛውንት ግን ይደነግጣሉ።

ኦቭን የሌለን ብዙ ነን። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሰፈር ዳቦ ቤት ነው። የኔ ሰፈር ጋጋሪ የማታው ዳቦ ከወጣ በኋላ ምድጃው ገና ትኩስ ስለሆነ ትሪዬን በትንሽ ገንዘብ ያስገባልኛል፤ አሁን ጎረቤቶቼም ይልካሉ፤ የማን ትሪ እንደሆነ እንዳይጠፋ እጀታው ላይ ክር እናስራለን። ሁለተኛው በከሰል ነው። ብረት ምጣድ በደንብ አግላችሁ በጥቂት በጥቂቱ፣ ሳትከድኑ ጥበሱ፤ ቲማቲሙንና ቃሪያውን ቀጥታ ፍሙ ላይ ብታደርጉት ደግሞ ከኦቭኑ ይበልጣል። እዚህ ላይ ጋዝ የምትቆጥቡ እናቶች እኔን ታሸንፉኛላችሁ።

ስለ ቅጠሉ። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ እሳት የሚችሉ ናቸው፤ ከመጀመሪያው ከዘይቱ ጋር ታሽተው ይግቡ። ጦስኝ በደጋው በራሱ የሚበቅል ነው፤ በሻይና በሽሮ ውስጥ የምናውቀው ያው ነው። የጥብስ ቅጠሉን እኔ ጣሪያ ላይ በዘይት ቆርቆሮ ተክዬዋለሁ፤ ጥላ ካገኘ ኸምሲኑንም ይችላል። በሶብላ ግን እሳት አይወድም። ለበርበሬና ለሽሮ አድርቀን ስለምናስገባው ትኩሱን መብላት አልለመድንም። አበባው ሳይደርቅ በመጸው ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ካላችሁ እርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ አንድ እፍኝ ያምጣላችሁ። ድስቱ ከወረደ በኋላ በእጃችሁ ቀዳዳችሁ ጣሉበት፤ ቤቱ በሙሉ ይሸታል። ትኩስ ካልተገኘ ደረቁን በጣት አሽታችሁ ትንሽ ብቻ። ድንብላል ቅጠሉ ገበያ ላይ ሁልጊዜ አለ፤ ሎሚም እንዲሁ።

አትክልቱ ሊወጣ ሲል ፓስታው ይጣድ። ስድስት መቶ ግራም ለስድስት ሰው ደህና ነው፤ ውሃው ስድስት ሊትር ይሁን። ውሃ ሲያንስ ነው ፓስታ የሚጣበቀው፤ የኔ ሃያ ኪሎ ግማሽ በሽታው እሱ ነበር። የጨው ልኩ ለአንድ ሊትር አሥር ግራም ነው ይላሉ፤ ለስድስት ሊትር ሦስት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። ይህ ግን ለጣፋጭ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃችሁ ጨው ጨው የሚል ሰፈር ውስጥ ከሆናችሁ ቀምሳችሁ ቀንሱ፤ እኔ በግማሽ ነው የማደርገው። ዘይት ውሃው ውስጥ አትጨምሩ፤ አትክልቱ እንዳይይዘው ያንሸራትተዋል። ሲፈላ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ሰዓት ያዙ። ከረጢቱ ከሚለው አንድ ደቂቃ ሲቀር አንዱን ክር ነክሳችሁ እዩ፤ መሐሉ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የነጣች ነጥብ ካለች ደርሷል።

ከማጥለላችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ከቅቅሉ ውሃ አስቀሩ። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ውሃው ከፓስታው የወጣ ስታርች ስላለበት፣ ዘይቱንና የነጭ ሽንኩርቱን ሥጋ አያይዞ እንደ ወጥ ያደርገዋል። የተጠበሰውን ቲማቲም በሹካ ጨፍልቁ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ጨምቁበት፣ ውሃውን ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፣ ፓስታውን ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ እሳት ላይ አገላብጡ። ከዚያ ዱባውና ካሮቱ ይግባ፤ በመጨረሻ በሶብላውና ሎሚው። የቲማቲም ድልህ ምንም አላስፈለገም። ድልህ ሻጭ ሆኜ ይህን መናገሬን ባለቤቴ ሰምታለች።

በጾም ቀን አይብ ከላዩ ስለማይነሰነስ አንድ ነገር የጎደለ ይመስላል። እህታችን ለዚህም መላ አላት። የትናንቱ ባጌት ዛሬ ድንጋይ ነው፤ በየቤታችን ስንት ባጌት እንደሚጣል ታውቃላችሁ። ደረቁን ወቅጣችሁ ወይም በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቃችሁ፣ በመጥበሻ ላይ በትንሽ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት ወርቅ እስኪመስል አምሱት። እሱን ከላይ ነስንሱ። ይንኮሻኮሻል። በደቡብ ጣሊያን አይብ መግዛት የማይችሉ ድሆች ይህንኑ ያደርጉ እንደነበረ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ በሚጥሚጣ አደርገዋለሁ፤ በዚህ ላይ ሁለታችን አንስማማም።

ይህን ሁሉ የምናገርበት የቤቴ ምክንያት አለ። ልጆቻችን እዚህ ተወልደው፣ በፈረንሳይኛ ተምረው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር በሶማሊኛ ተጫውተው ወደ ቤት ሲገቡ አማርኛ ይሆናሉ። በኔ ቤት በጾም ቀን ሁለት ገበታ ነበር። እኔና እናታቸው ሽሮ እንቀርባለን። ትልቋ ልጄ «አልራበኝም» ትልና ክፍሏ ትገባለች፤ በኋላ ከውጭ ሳንዱች ገዝታ እንደበላች በወረቀቱ እናውቃለን። ተቆጣሁ፣ መከርሁ፣ አባቶችንም አማከርሁ። እውነቱን ለመናገር ጾሙ ብቻ አልነበረም የቆጨኝ። በሳምንት ሁለት ቀን አብረን አንቀመጥም ነበር። ቀን ሱቅ ነኝ፤ ያቺ የእራት ሰዓት ከሄደች ልጄን የማይበት ሌላ ሰዓት የለኝም።

በአንድ ዓርብ ማታ ትሪውን ከዳቦ ቤት ይዤ ገባሁ። ሽታው ነው ከክፍሏ ያወጣት። ቆማ አየች። «ይሄ የጾም ነው?» አለችኝ። «የጾም ነው» አልኋት። ተቀመጠች። ያን ቀን ስለ ትምህርቷ ያወራችኝን በዓመት ውስጥ አውርታኝ አታውቅም። ሽሮ ዛሬም አትወድም፤ አልዋሻችሁም። ግን በጽጌ ወራት ዓርብ ዓርብ የፓስታውን ሰዓት የምትይዘው እሷ ናት፤ እኔ እንደማሳልፈው ስለምታውቅ ስልኳን ይዛ ከድስቱ አጠገብ ትቆማለች። ያቺ ምግብ አብሳይ እህታችንም ዓርብ ከሥራ ስትወጣ በቤታችን በኩል ታልፋለች፤ ዳቦና ሻዩን ትታዋለች።

ከእንግዲህ ብዙ አላቆያችሁም። ለዛሬው ምሽት ሃያ ኪሎ ፓስታ መድበናል፤ ያኔ ያበላሸሁትን ያህል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ግን በሁለት ድስት ሳይሆን በስምንት ድስት፣ በተራ በተራ ነው የሚቀቀለው፤ መቀቀሉም ለኔ አልተሰጠም። የዳቦ ቤቱ ልጅ ትሪዎቹን ይዞ በር ላይ ቆሞ አያለሁ። ልጄም ውሃው ፈላ ብላ በእጇ እያመለከተችኝ ነው። ዘጠኝ ደቂቃ አለን፤ ሰሃን የያዛችሁ በግራ በኩል ተሰለፉ፣ ሕፃናትን አስቀድሙ፤ ሚጥሚጣ ያለበት ፍርፋሪ ቀይ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ነው።